ለባሕር ዓሣ ማጥመጃ የሚሆን የመጀመሪያ ካያክ፦ የትኛውን ልግዛ?

ዘቱሉዲምቱ
ኅዳር 2

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የመድረኩ አባላት። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ፣ ከአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም ሳይርቅ ነው። ሥራዬ የጭነት ትራንዚት በመሆኑ በየወሩ አሥር ያህል ቀናት ጅቡቲ አሳልፋለሁ፤ ዕረፍት በማገኝባቸው ቀናትም ኮር አምባዶ ዳርቻ ላይ ቆሜ ክር እጥላለሁ። ያደግሁት ዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ስለሆነ ቆሮሶና አምባዛ ማጥመድ ከልጅነቴ የለመድሁት ነው። ባሕሩ ግን ሌላ ሆነብኝ። ከዳር ሆኜ የምይዘው ትናንሽ ዓሣ ሲሆን፣ ትልልቆቹ ከኮራሉ ዐለት ጠርዝ ማዶ፣ ውሃው ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ሰማያዊ በሚለወጥበት መስመር ላይ ሲያሳድዱና ሲዘሉ በዓይኔ አያለሁ፤ ክሬ ግን እዚያ አይደርስም።

ስለዚህ ካያክ፣ ማለትም ትንሽ ጠባብ ጀልባ፣ ለመግዛት ወስኛለሁ። አራት አማራጮች ቀርበውልኛል። አንደኛው አዲስ ሲሆን ርዝመቱ 3 ሜትር ብቻ፣ ወርዱ ግን 86 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ሻጩ «ቆመህ ብትጥል እንኳ አትገለበጥም» ብሎ አሞግሶልኛል። ሁለተኛውን የሚሸጠው ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ ነው፤ ያገለገለ ሲሆን ርዝመቱ 3.9 ሜትር፣ ወርዱ 76 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 31 ኪሎ ነው። ሦስተኛው ዘመድ ከውጭ ሊልክልኝ የሚችለው፣ በእግር ፔዳል የሚነዳ ነው። አራተኛው በአየር የሚነፋና ተጣጥፎ ሻንጣ ውስጥ የሚገባ ነው።

እኔ 82 ኪሎ እመዝናለሁ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ነው። መዋኘት እችላለሁ፤ ሆኖም የማውቀው የሐይቅ ዋና እንጂ የባሕር ሞገድ አይደለም። መኪናዬ የድሮዋ ቪትዝ ስለሆነች ሁለተኛው ካያክ ከእርሷ ይረዝማል። እቅዴ መጀመሪያ ባቦጋያ ወይም ላንጋኖ ላይ ተለማምጄ፣ ከዚያ ካያኩን ጅቡቲ ወስጄ በሥራ ባልደረባዬ ግቢ ማስቀመጥ ነው። እናንተ ብትሆኑ የትኛውን ትገዙ ነበር? ምክንያቱንም ጭምር ብታስረዱኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


የሰበታው አጥማጅ
ኅዳር 2

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብሁት። አሁን የምኖረው ሰበታ ቢሆንም ስድስት ዓመት ጅቡቲ ሠርቻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ አራቱን ዓመት የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ደቡባዊ ዳርቻ በካያክ እየቀዘፍሁ አጥምጄበታለሁ። የመጀመሪያው ካያኬ ልክ እርስዎ በአንደኛ ደረጃ የጠቀሱት ዓይነት፣ አጭርና ሰፊ ነበር። ስለዚህ የምነግርዎት ከደረሰብኝ ነው።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ ከኮር አምባዶ ስነሣ ባሕሩ እንደ መስተዋት ተኝቶ ነበር። ወደ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ስወጣ አንድም ጊዜ አልደከመኝም፤ ምክንያቱም ቀስ ብሎ የጀመረ ነፋስ ከበረሃው በኩል ከጀርባዬ እየገፋኝ እንደነበር አላስተዋልሁም። «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» የሚለው የአባቶች አባባል ትርጉሙ የገባኝ ያን ዕለት ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ከምሲን የሚሉት ሞቃት ነፋስ በርትቶ ነፈሰ፣ እኔም ፊቴን ወደ ዳር መልሼ መቅዘፍ ጀመርሁ። ያችን አንድ ኪሎ ሜትር ለመመለስ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ቀዘፍሁ፤ ሦስት ጊዜ የቆምሁ መሰለኝ፣ በቆምሁ ቁጥርም ያተረፍሁትን መንገድ ነፋሱ መልሶ ወሰደብኝ። ዳር ስደርስ እጆቼ ጣሳ ውሃ ማንሣት አልቻሉም።

ከዚያ ወዲህ ካያክ ስመለከት አስቀድሜ የማስበው ስለ መመለሻው ነው። ሦስት ሜትር ርዝመትና 86 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያለው ጀልባ ውሃውን ከፊቱ እየገፋ እንጂ እየሰነጠቀ አይሄድም፤ በያንዳንዱ ቅዝፈትም አፍንጫው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል። ለትንሽ ኩሬና ለሸምበቆ ዳር ጥሩ ነው፤ ጠባብ ቦታ ላይ ቶሎ ይዞራልና። ለባሕር ግን ከ3.6 እስከ 4.2 ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ ከ72 እስከ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ሆዱ ከፊትና ከኋላ ሾጠጥ ያለ ካያክ እመክራለሁ። እንዲህ ያለው ጀልባ ጸጥ ባለ ውሃ ላይ አንድ ተራ ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ሳይደክም ይነዳዋል፤ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣም ቢያንስ ወደፊት መሄዱን አያቆምም።

ሻጩ ስለ መረጋጋት የነገረዎት ግማሹ እውነት ነው። ሆዱ ጠፍጣፋና ሰፊ የሆነ ጀልባ በረጋ ውሃ ላይ እንደ አልጋ ነው። ሞገድ ከጎን ሲመጣ ግን ጠፍጣፋው ሆድ የሞገዱን ተዳፋት ተከትሎ አብሮ ይዘነበላል፤ እስከ አንድ ልክ ድረስ ችሎ ቆይቶ፣ ልኩን ሲያልፍ ያለ ማስጠንቀቂያ ይገለብጥዎታል። ጠበብ ያለውና ክብ ወይም የማረሻ ቅርጽ ያለው ሆድ በመጀመሪያው ቀን እየተንቀጠቀጠ ያስፈራዎታል፤ በጎኑ ሲዘነበል ግን ይደገፋል፣ ይመልስዎታል። ሻጮች የሚያሳዩት የመጀመሪያውን ዓይነት መረጋጋት ነው፤ ባሕር የሚፈትነው ሁለተኛውን ነው።

ሌላው፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ይግዙ፤ እግርዎን ውስጡ አስገብተው የሚቀመጡበት ከተገለበጠ በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ውሃ ይይዛል፣ እሱን ባሕር መካከል ጨልፎ ማውጣት ለጀማሪ የሚሞከር አይደለም። ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ካያክ ግን የታሸገ ነው፤ የወጣበትም ውሃ ሆዱን ዘልቀው በሚያልፉት ቀዳዳዎች ራሱ ይፈስሳል።

ክብደቱንም ያስሉ። አምራቹ የጻፈውን የመጫን አቅም ሙሉ በሙሉ አይመኑ፤ ሰባ ከመቶውን ብቻ ይውሰዱ። እርስዎ 82 ኪሎ ነዎት፤ ውሃ፣ መልህቅ፣ የማጥመጃ ዘንግና በረዶ ሲጨመር 25 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 107 ኪሎ ነው። ይህን በ0.7 ሲያካፍሉ 153 ኪሎ ገደማ ይመጣል፤ ከዚያ በታች የተጻፈበትን ካያክ ይተዉት። ከመጠን በላይ የተጫነ ካያክ ከውሃው ስለሚጠልቅ መቀመጫው ሁልጊዜ እንደ ረጠበ ይኖራል፣ መመለሱም ይከብዳል።


ኮዬ ፌጬ 4ኛ ፎቅ
ኅዳር 3

ሰላም ለሁላችሁ። የሰበታውን ወንድማችንን ልምድ አከብራለሁ፤ ነገር ግን በአየር የሚነፋውን ማንም ሳይጠቅሰው እንዳይታለፍ እሰጋለሁ። እኔ የምኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው፤ አራት ሜትር የሚረዝም ፕላስቲክ በደረጃ ማውጣትም፣ በረንዳ ላይ ማኖርም አይቻለኝም። ሁለት ዓመት የሚነፋ ካያክ ይዤ ሐዋሳ፣ ላንጋኖና ባቦጋያ ላይ ዓሣ አጥምጃለሁ፤ አንድም ቀን አልተቀደደብኝም። የዛሬዎቹ ወለላቸው በውስጡ በሺህ ክሮች የተሰፋ ስለሆነ በደንብ ሲነፉ እንደ ጣውላ ይጠነክራሉ። ጠያቂያችን በየወሩ የሚመላለስ ሰው ከሆነ በሻንጣ ይዞት መሄድ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም፤ ማንም ግቢ ውስጥ ለማስቀመጥ አይለምንም። ጀልባ የሌለው ሰው ዓሣ ስለማይዝ፣ ቤቱ የሚፈቅድለትን ጀልባ የያዘ ሰው ሁልጊዜ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።


የሰበታው አጥማጅ
ኅዳር 3

የተከበሩ የኮዬ ፌጬ ነዋሪ፣ ስለ ቦታ ያነሡት ነጥብ እውነተኛ ነው፤ ለሐይቅ ቢሆን ኖሮ አልከራከርዎትም ነበር። ለጠያቂያችን የማልመክረው በሁለት ምክንያት ነው። የሚነፋ ጀልባ ውሃው ላይ ቀልሎ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ ነፋስ እንደ ቅጠል ይወስደዋል፤ እዚያ ዳርቻ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ እንደሆነ ከላይ ተናግሬያለሁ። ሁለተኛው ኮራሉ ነው። ኮር አምባዶ ላይ በጉልበት ልክ ውሃ ውስጥ የሚያልፉት በምላጭ ላይ ነው፤ ከዚያም እንደ መርፌ የሾለ የጀርባ እሾህ ያለው ዓሣ በሕይወቱ ጭንዎ ላይ ይወድቃል፣ ሦስት ጫፍ ያለው መንጠቆም አፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥራት ያለው የሚነፋ ካያክ ብዙ ክፍሎች ስላሉት ወዲያው አይሰምጥም፤ ሆኖም ከተነፈሰ በኋላ ነፋስን ተቃውሞ መቅዘፍ አይቻልም።


የገላን ፕላስቲክ ሠራተኛ
ኅዳር 4

ስለ ዓሣ የማውቀው ሳህን ላይ ከቀረበ በኋላ ያለውን ነው፤ ስለ ፕላስቲኩ ግን የምለው አለኝ። አብዛኛው ጠንካራ ካያክ የሚሠራው በየቤታችን ጣሪያ ላይ የተሰቀለው ሮቶ በሚሠራበት መንገድ ነው። የፖሊኢቲሊን ዱቄት ሻጋታ ውስጥ ይጨመራል፣ ሻጋታው ምድጃ ውስጥ በሁለት አቅጣጫ ቀስ እያለ ይሽከረከራል፣ ዱቄቱም እየቀለጠ ግድግዳውን እኩል ይለብሰዋል። አሥራ አንድ ዓመት የምሠራው ይህንኑ ስለሆነ ያገለገለውን ካያክ ለማየት ሲሄዱ የሚከተለውን ያስቡበት።

ጭረት አያስደንግጥዎ። ኮራል ላይ የተጎተተ ካያክ ሆዱ ሁሉ በጭረት የተሞላ ነው፤ ከጥፍር ውፍረት ያልዘለቀ ጭረት ምንም አያደርግም። የሚያሰጉት ሦስት ቦታዎች ናቸው። አንደኛው የኋላው ጫፍ ከታች በኩል ነው፤ ሰዎች አፍንጫውን አንሥተው ሲጎትቱት መሬት የሚፈገፍገው እሱ ስለሆነ ይሳሳል። በአውራ ጣትዎ ተጭነው ከሌላው ቦታ በላይ የሚገባ ከሆነ አልቋል ማለት ነው። ሁለተኛው ውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ ከሆዱ ጋር የሚገናኙበት ዙሪያ ነው፤ በተለይ ካያኩ በቀዳዳዎቹ በሚሰካ ጋሪ ሲገፋ ከኖረ እዚያ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ ይወጣል። ሦስተኛው ከመቀመጫው ሥር ነው። ፍተሻው ቀላል ነው። መዝጊያውን ከፍተው ሁለት ጀሪካን ውሃ ውስጡ ይጨምሩ፣ ሁለት ሰው ይዞ ወዲያና ወዲህ ያዘንብለው፣ ከታች ካርቶን አንጥፈው ጠብታ ይፈልጉ። ውጭ የሚያወጣ ስንጥቅ ውስጥም ያስገባል።

ስንጥቅ ቢገኝ ማጣበቂያ አይሞክሩ፤ በፖሊኢቲሊን ላይ የተለመደው ሙጫ ሁሉ አይይዝም፣ ተላጥቶ ይነሣል። የሚጠገነው በሙቀት፣ በራሱ ዓይነት ፕላስቲክ ዘንግ ተበይዶ ነው፤ ሮቶ የሚበይድ ሰው ካያክም ይበይዳል። አንድ ዓይነት ብቻ ይለያል። ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የተቆላለፉ ፖሊኢቲሊን የሚባለው በጣም ጠንካራ ቢሆንም ዳግመኛ ስለማይቀልጥ አይበየድም፤ ስለዚህ ሻጩን የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አይዘንጉ። ቀለሙ ነጣ ብሎ፣ በእጅ ሲታሽ ዱቄት የሚተው ከሆነም ፀሐይ በልቶታልና ይተዉት።

ሌላ ማንም የማይነግርዎትን ልጨምር። ቱሉ ዲምቱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለሆነች አየሯ ከጅቡቲው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። እዚህ ጥርቅም አድርገው የዘጉትን ካያክ ወደ ባሕር ሲያወርዱት የውጭው አየር እየከበደ ሆዱን ወደ ውስጥ ይጫነዋል፤ በአፋር ሙቀት ከለሰለሰ ደግሞ ተጨምድዶ በዚያው ሊቀር ይችላል። ከጅቡቲ ወደዚህ ዘግተው ቢያመጡትም ይነፋፋል። በጉዞ ላይ የማፍሰሻ ቡሽውን አውልቀው መኪናው ውስጥ ያስቀምጡት፤ ወደ ውሃው ከመግባትዎ በፊት መልሶ መክተቱን ግን ለማስታወስ መቅዘፊያው ላይ በክር ይሰሩት። የሚነፋውን የሚገዛ ሰውም ይህንኑ ያስተውል።


ዘቱሉዲምቱ
ኅዳር 4

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የገላኑን ወንድማችንን ምክር አትሜ ይዤዋለሁ። አንደኛውንና አራተኛውን አማራጭ ትቻለሁ። የቀረኝ ጥያቄ ስለ ፔዳሉ ነው። ሁለት እጄ ነፃ ሆኖ ዘንጉን እየያዝሁ በእግሬ መንዳት መቻሌ፣ በተለይ ነፋሱን ተቃውሞ አንድ ቦታ ላይ ለመቆም የሚጠቅም ይመስለኛል። ለመመለሻውም ቢሆን እግር ከእጅ ይበረታል ብዬ አሰብሁ። ተሳስቻለሁ?


የዱከም ነዋሪ
ኅዳር 5

አልተሳሳቱም፤ እግር ከክንድ እንደሚበረታ ማንም አይክድም። በፔዳል የሚሄድ ካያክ በአጥማጆች ዘንድ የታወቀው ሆቢ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሁለት ክንፍ መሰል መግፊያዎች ያሉትን በ1997 እ.ኤ.አ. ካወጣ ወዲህ ነው፤ ዛሬ በትንሽ ፕሮፔለር የሚሠሩም አሉ። እኔ የነበረኝ የሌላ አምራች፣ ባለ ፕሮፔለር ነበር። ሁለት ዓመት ጅቡቲ ተጠቅሜበት ሸጥሁት። ዓሣ ለመያዝ ከእርሱ የተሻለ አልነበረኝም፣ ይህን በሐቅ እመሰክራለሁ።

የሸጥሁት ግን ለመጀመሪያ ካያክ የማይሆን ስለነበረ ነው። ክብደቱ ከነፔዳሉ 52 ኪሎ ነበር፤ ብቻዬን ከመኪና ማውረድ አልቻልሁም፣ በዚህ ምክንያት የቀረሁባቸውን ጠዋቶች ቁጥር አላስታውስም። ከታች የሚወጣው መግፊያ ጥልቀት ይፈልጋል፤ ኮራሉን እስኪያልፉ ድረስ አንሥተው መቅዘፍ አለብዎት፣ ስለዚህ መቅዘፍን ሳይማሩ ማምለጥ አይችሉም። ጨውም አለ። በጨው ውሃ ውስጥ የሚሽከረከር ብረት ሁሉ በየቀኑ በንጹሕ ውሃ መታጠብ፣ በየጊዜው ግራሶ መቀባት ይፈልጋል፤ እኔ ለአሥር ቀን ወደ አገር ቤት ተመልሼ ሳይታጠብ በቆየበት ጊዜ የፔዳሉ ዘንግ ተጣብቆ አገኘሁት። መለዋወጫውን ለማግኘት አራት ወር ፈጀብኝ። እርስዎ ከወሩ ሃያ ቀን ካያኩ አጠገብ የማይኖሩ ሰው ነዎት፤ ያን ሃያ ቀን ጨው ሥራውን ሲሠራ ይቆያል።

ፔዳል የሌለውም ቢሆን ብሎኖቹንና ዳዶዎቹን ይመልከቱ። ማግኔት የማይስበው ሁሉ ለባሕር ይሆናል ማለት አይደለም፤ 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት በባሕር ውሃ ውስጥ በነጠብጣብ ይዝጋል፣ ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ግን በጣም ይሻላል። የዘንግ መያዣ ሊጨምሩ ሲያስቡ ብሎኑን 316 ያድርጉት።


ወለተ ላንጋኖ
ኅዳር 6

እንደምን ሰነበታችሁ፣ ወንድሞቼ። የምኖረው ለገጣፎ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር በወር ሁለት ጊዜ ላንጋኖ ላይ እንቀዝፋለን። እስካሁን ስለ ጀልባው ብዙ ተብሏል፤ በጀልባው ላይ ስለሚቀመጠው ሰው ግን ገና አልተነገረም፣ ለእኔ ደግሞ ትልቁ ጉዳይ እሱ ነው።

ጠያቂያችን፣ ጀልባውን ከመግዛትዎ በፊት የነፍስ አድን ጃኬቱን ይግዙ። ከላይ የሚታሰረው፣ ክንድ ላይ የማይፈገፍገው፣ ከኋላ በኩል አጠር ብሎ የካያክ መቀመጫ ከፍ ሲል አገጭዎን የማይነካው ዓይነት አለ። 50 ኒውተን (ኒውተን የማንሳፈፍ ኃይሉ መለኪያ ነው) ተብሎ የተጻፈበት መዋኘት ለሚችልና ረዳት ቅርብ ላለው ሰው የታሰበ ነው፤ 100 ኒውተን የሚለው ራስን የሳተን ሰው ፊቱን ወደ ላይ አድርጎ ለመያዝ የተሻለ ቢሆንም ለመቅዘፍ ይከብዳል። አብዛኛው ቀዛፊ 50 ኒውተኑን ይለብሳል፤ ይህን የመረጠ ሰው ግን ብቻውን ሊወጣ አይገባም። ጃኬቱ ከኋላ ታስሮ ወይም ተነጥፎ የሚቀመጥበት ከሆነ ግን እንደሌለ ይቁጠሩት፤ ከተገለበጡ በኋላ ውሃ ውስጥ ሆኖ ጃኬት መልበስን አንድ ጊዜ ይሞክሩትና ይፍረዱ።

ላንጋኖን የመረጥነው ውሃው ቡናማ ቢሆንም ቢልሃርዚያ የሌለበት መሆኑ ስለሚታመን፣ በጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሣበት ነው፤ አንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ዓይነት ውሃ ያስተምራል። ዝዋይ ጉማሬ ስላለ ለጀማሪ አልመክርም፣ ያደጉበት ቢሆንም እንኳ። ባቦጋያ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ይበቃል፣ ከዚያ በኋላ ነፋስ ይፈልጉ።

የምንለማመደው እንዲህ ነው። ወገባችን ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሆነን ካያኩን በፈቃዳችን እንገለብጣለን። ከዚያ ከጎኑ ሆነን የወዲያኛውን ጠርዝ ይዘን እንመልሰዋለን፤ ሁለት እጃችንን መቀመጫው ላይ አድርገን፣ እግራችንን ከኋላ እንደ ዋናተኛ እያንቀሳቀስን፣ ሆዳችንን በመቀመጫው ላይ እንስባለን፤ ከዚያ በጀርባ እንገለበጥና እግራችንን እናስገባለን። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከውሃው ወደ ላይ ለመዝለል ሲሞክር ነው፤ ጀልባው ወደ እርሱ ይገለበጥበታል። መዝለል ሳይሆን መዋኘት ነው ሥራው። ይህ ሳይደክም አምስት ጊዜ በተከታታይ ካልተሠራ፣ ጥልቅ ውሃ ላይም ካልተደገመ፣ ባሕር ይቆይ።

ስለ መቅዘፊያው ደግሞ፣ ለ76 ሴንቲ ሜትር ወርድና ለእርስዎ ቁመት 230 ወይም 240 ሴንቲ ሜትር ይስማማል። በገመድ ከጀልባው ጋር ይታሰር። ቀላል መቅዘፊያ መግዛት አቅም ከፈቀደ ቀላል ካያክ ከመግዛት ይበልጥ ይጠቅማል፤ በአንድ ቀን ውስጥ ያንን ዘንግ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ያነሡታልና። ክር ሲጠመጠም የሚቆርጡበት ቢላዋ በጃኬቱ ላይ ይኑር እንጂ ሳጥን ውስጥ አይሁን። ፊሽካም እንዲሁ።


የሰበታው አጥማጅ
ኅዳር 6

እኅታችን የተናገረችውን ሁሉ በሁለት እጄ እፈርማለሁ። ስለ ቦታው ጥቂት ብቻ ልጨምር። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ጊዜ ለካያክ ፈጽመው ይተዉት፤ ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ሲሆን፣ ሙቀቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የሚነፍሰው ከምሥራቅ፣ ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣ ስለሆነ ቢያስቸግርም ወደ ኤርትራም ወደ የመንም አይወስድዎትም፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታልና ጎህ ሲቀድ ገብተው ከረፋዱ አራት ሰዓት በፊት ይውጡ። ከዶራሌ ወደብና ከመርከብ መስመሩ ይራቁ፤ ትልቅ መርከብ አያይዎትም፣ ቢያይዎትም መቆም አይችልም። በባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ ያለው የጉቤት መግቢያ ኃይለኛ ወራጅ ስላለው ለዓመታት አይሞክሩት። ሙሻና መስካሊ ደሴቶች ከከተማው ወደ 15 ኪሎ ሜትር የሚርቁና ጥበቃ የሚደረግላቸው ስለሆኑ ለእርስዎ ካያክ አይደሉም። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ አካባቢ ዌል ሻርክ የሚባለው ግዙፍ ዓሣ ይመጣል፤ የዋሁን ዓሣ ካዩ ክርዎን ሰብስበው ይራቁለት። በእጅ የሚያዝ የባሕር ሬዲዮ ቢያገኙ የአደጋ ጥሪው ቻናል 16 ነው፤ ስልክዎንም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ይያዙ።


ዘቱሉዲምቱ
ኅዳር 23

የተከበራችሁ ወንድሞቼና እኅቴ፣ ስለ ዘገየሁ ይቅርታ። ያገለገለውን 3.9 ሜትር ካያክ ገዛሁ። የመጫን አቅሙ 170 ኪሎ ተብሎ ተጽፎበታል፤ ሰባ ከመቶው 119 ስለሆነ የእኔ 107 ኪሎ ከእነ ትርፉ ይገባል። ሁለት ጀሪካን ውሃ አስገብቼ ስንጥቅ ስፈልግ ሻጩ በመገረም አየኝ፤ ከኋለኛው ግራ ማፍሰሻ ቀዳዳ ሥር በደቂቃ አንድ ጠብታ አገኘሁ። ዋጋውን ቀነሰልኝ፤ ገላን ላይ ሮቶ የሚበይድ ባለሙያ በግማሽ ሰዓት ደፈነልኝ፣ ሁለት ጊዜ ደግሜ ፈትሼው አልተንጠባጠበም።

ቪትዟ ላይ የጫንሁት በሁለት ወፍራም ስፖንጅና በጠፍጣፋ ማሰሪያ ሲሆን፣ አፍንጫውንና ጅራቱን ለየብቻ ከመኪናው በታች አሰርሁት። ላንጋኖ ስደርስ በጠዋት ነበር። እኅታችን እንዳለችው ስገለበጥ ዋልሁ፤ አምስቱን በተከታታይ ከሠራሁ በኋላ ጥልቁ ላይ አራት ጊዜ ደገምሁት። በሦስተኛው ላይ ከመቀመጫው ኋላ በቆሙት ሁለት የዘንግ መያዣዎች መካከል የጃኬቴ ማሰሪያ ተጠልፎ አስቸገረኝ፤ ስለዚህ የቀኙን አውልቄ ጣልሁት፣ የምወጣው በዚያ በኩል ብቻ እንዲሆንም ወሰንሁ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሣ። ስምንት መቶ ሜትር ያህል ነፋሱን ተቃውሜ ቀዘፍሁ፤ ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀብኝ። በዚህ ስሌት ባሕር ላይ ከአምስት መቶ ሜትር በላይ ለጊዜው እንዳልወጣ ለራሴ ደንብ አውጥቻለሁ።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ የማውቀው ሹፌር ካያኩን ጭኖልኝ ይወርዳል። ቡሽው ወልቆ መቅዘፊያው ላይ ታስሯል። የሰበታው ወንድሜ፣ ኮር አምባዶ ላይ የመጀመሪያውን ቀን አብሮኝ የሚወጣ ሰው ፍለጋ ላይ ነኝ፤ የሚያውቁት ካለ ቢያገናኙኝ?


የሰበታው አጥማጅ
ኅዳር 23

ሰው መፈለግ አያስፈልግም። በታኅሣሥ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያ ስለምሄድ ከለቡ በባቡር እመጣለሁ፤ የድሮ ጎረቤቴ ካያኩን ያውሰኛል፣ ለሁለት የሚፈታውን መቅዘፊያዬን ግን ራሴ ይዤ እመጣለሁ። ቀኑን በውስጥ መልእክት ይላኩልኝ። በመጀመሪያው ጠዋት ዘንግ ይዘን አንወጣም፤ ኮራሉ የሚከፈትበትን መግቢያ ላሳይዎትና ሦስት ጊዜ ወጥተን ሦስት ጊዜ እንመለስበታለን። ዘንጉ በማግስቱ ነው።